ዲስክ ቆልፎ ፋይል መቅበር፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ፣ አጂፕ አካባቢ፣ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ ሱቄ በተማሪ ይሞላል። ሁሉም መመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ አንጠልጥሎ ይሯሯጣል። ከታካሚዎች የተሰበሰበ መጠይቅ የያዘ አለ። ከቡና ገበሬዎች ጋር ያደረገውን ቃለ መጠይቅ በድምፅ የያዘም አለ። አማካሪዎቻቸው «መረጃውን ቆልፉት» ይሏቸዋል፤ እነሱም ቬራክሪፕት የሚባለውን፣ ፋይልና ዲስክ በፓስወርድ የሚቆልፍ ፕሮግራም ይጭናሉ። ጥሩ አድርገዋል። ነጻ ነው፣ ሶርስ ኮዱን (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ) ማንም አውርዶ ማየት ይችላል፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ማክም ላይ ይሠራል።

ታዲያ እስካሁን አንድም ሰው «ሌባ ምስጠራውን ሰበረብኝ» ብሎ አልመጣም። የሚመጡት በሙሉ በገዛ ቁልፋቸው ውጭ የቀሩ ናቸው።

«ፎርማት ይደረግ?» ሲባል «አዎ» ማለት

ይሄኛው ቁጥር አንድ ነው። አምና ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አንዲት የማስተርስ ተማሪ 32 ጊጋ ፍላሽ ይዛ ገባች።

«ጋሼ፣ ፍላሼ ባዶ ሆነብኝ።»

«ምን ነበረበት?»

«ቴሲሴ።»

ፍላሹን ሙሉውን ቆልፋዋለች። ፕሪንት ልታስደርግ ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሰካው ዊንዶውስ «ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል» የሚለውን መልእክቱን አወጣ። የሱቁ ልጅ ሰልፍ ይጠብቀዋል። ቀጭ አደረጋት።

ዊንዶውስን አልወቅሰውም። ሙሉ በሙሉ የተመሰጠረ ዲስክ ከውጭ ሲያዩት ዝብርቅርቅ ያለ ቁጥር ብቻ ነው። ዊንዶውስ የሚያውቀው ፋይል ሲስተም (የፋይል አደራደር) ስለማያገኝበት ያልተዘጋጀ ዲስክ ይመስለዋል።

ልጅቷን ሁለት ነገር አተረፋት። አንደኛ፣ የተደረገው ፈጣኑ ፎርማት ነበር። ሙሉው ፎርማት ቢሆን ኖሮ፣ ከቪስታ ወዲህ ያለው ዊንዶውስ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል፤ ያኔ አለቀ። ሁለተኛ፣ ቬራክሪፕት ሄደሩን ሁለት ቦታ ያስቀምጣል። ሄደር ማለት ዋናው የምስጠራ ቁልፍ በፓስወርዳችሁ ተቆልፎ የሚቀመጥባት ትንሽ ቦታ ናት። ዋናዋ መጀመሪያ ላይ ናት፤ መጠባበቂያዋ መጨረሻ ላይ። ፎርማቱ የፊተኛዋን በላት፣ የኋለኛዋ ተረፈች። ከኋለኛዋ መለስኩት። ፓስወርዷን አስገባች፤ ተከፈተ።

ደስታው ግን ጊዜያዊ ነበር። ፎርማቱ የውስጡን የፋይል ዝርዝርም ነክቶታል። ፎቶሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፋይሎቹን አስለቀምኳቸው። ስማቸው ጠፍቶ በቁጥር ብቻ ወጡ። ከአራት መቶ ምናምን ፋይል ውስጥ ምዕራፍ ሦስትን ስታገኝ የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ቡናውን እሷ ጋበዘች፤ እስከ በረካ ጠጣን።

እናንተ እዚህ አትድረሱ። ፍላሽ ላይ ሙሉውን ዲስክ አትቆልፉ። በምትኩ ኮንቴይነር ፋይል ፍጠሩ፤ ፍላሹ እንደማንኛውም ፍላሽ ይከፈታል፣ የተቆለፈው እቃ ውስጡ እንደ አንድ ፋይል ይቀመጣል። የፍላሹ ፋይል ሲስተም ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ አስቀድማችሁ ኤክስፋት አድርጉት። ቤት የሚቀመጥ ኤክስተርናል ከሆነና ሙሉውን መቆለፍ ካለባችሁ ግን፣ በዲስክ ማኔጅመንት ገብታችሁ ዊንዶውስ የሰጠውን የድራይቭ ፊደል አንሱለት። ያኔ የፎርማት ጥያቄው አይመጣም። ቬራክሪፕት ሲከፍተው የራሱን ሌላ ፊደል ይሰጠዋል።

ሄደሩን ለብቻ አለማስቀመጥ

ከላይ ያለው ታሪክ ሊኑክስ ላይ ሉክስ በሚባለው የራሱ የዲስክ ምስጠራ የተቆለፈ ዲስክ ቢሆን ኖሮ መጨረሻው ሌላ ነበር። ሉክስ ቁልፎቹን የሚያስቀምጠው መጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። እዚያች ቦታ ላይ ከተጻፈባት ፓስወርዱን ብታውቁትም ዋጋ የለውም። ክሪፕትሴትአፕ የሚባለው የሉክስ ማዘዣ ፕሮግራም ሄደሩን ወደ ፋይል የሚገለብጥ ትእዛዝ አለው። ቬራክሪፕትም በቱልስ ሜኑው ውስጥ አለው። ዛሬውኑ ገልብጡትና ሌላ ቦታ አስቀምጡት። ሥራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር አለች። ፓስወርድ ስትቀይሩ ዋናው ቁልፍ አይቀየርም፤ የሚቀየረው እሱን የሸፈነው ሄደር ብቻ ነው። ስለዚህ የድሮ ሄደራችሁ ቅጂና የድሮ ፓስወርዳችሁ ሰው እጅ ከገቡ፣ አዲሱ ፓስወርድ አያስጥላችሁም። ፓስወርዱ ታውቋል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አዲስ ኮንቴይነር ፍጠሩና ፋይሉን ወደዚያ አዛውሩ።

ፓስወርዱን በግዕዝ ፊደል መጻፍ

ሐሳቡ ደስ ይላል። ማን ይገምተዋል? ችግሩ እናንተም አትገምቱትም። «ፀሐይ» ብላችሁ ነው ወይስ «ጸሀይ»? «ሠላም» ወይስ «ሰላም»? አንባቢ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዳቸው የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ፓስወርድ መጻፊያው ላይ ደግሞ የሚታያችሁ ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ የቱን ሀ እንደጻፋችሁ አታዩም። አንድ ደንበኛዬ በእናቱ ስም ቆልፎ፣ በስሙ ውስጥ ያለችውን ሐ ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀ። ሌላ ማሽን ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ከሌለ ጨርሶ መጻፍም አትችሉም።

ዊንዶውሱ ያለበትን ድራይቭ ከቆለፋችሁ ደግሞ ፓስወርዱ የሚጠየቀው ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ነው። እዚያ አማርኛ የለም። ስለዚህ የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል ጻፉ። አራት አምስት የማይገናኙ ቃላት ደርድሩ፣ ከ20 ፊደል በላይ ይሁን። አክስታችሁ ያደረጉት የእንሰት ሥራ፣ የድሮ ሰፈራችሁ ውሻ፣ የሆነ የማይረባ ነገር። ረጅሙን ማስታወስ ከአጭሩ ዝብርቅርቅ ይቀላል።

ቬራክሪፕት ቁልፉን ለማውጣት ስንት ዙር እንደሚያሰላ የምትወስነውን፣ ፒም የምትባለዋን ቁጥር ሳታውቋት አትነካኩ። ነባሪው ቁጥር 485 ነው፤ ይህ ለተለመደ ኮንቴይነር ቁልፉን ለማውጣት 500,000 ዙር ማስላት ማለት ነው። ከቀየራችኋት በከፈታችሁ ቁጥር ከፓስወርዱ ጋር ማስገባት አለባችሁ። ብትረሷት ፕሮግራሙ የቱ እንደተሳሳተ ለይቶ አይነግራችሁም።

ከቴሌግራም ማውረድና ትሩክሪፕትን ማሳደድ

«ጋሼ፣ ኦሪጅናሉን ትሩክሪፕት አግኝቻለሁ» የሚል ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም። ትሩክሪፕት ቬራክሪፕት የተነሳበት የድሮ ፕሮግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። በግንቦት 2014 ሠሪዎቹ «ያልታረመ የደኅንነት ችግር ሊኖርበት ይችላል» ብለው ድንገት ተዉት። እነማን እንደሆኑ እንኳ በይፋ አልተናገሩም። ቬራክሪፕትን ሙኒር ኢድራሲ የሚባል ፕሮግራመር በ2013 ከእሱ ኮድ ተነስቶ ጀመረው። በ2016 ኳርክስላብ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የቬራክሪፕትን ኮድ መርምሮ ከባድ ክፍተቶች አገኘ፤ አብዛኞቹ በ1.19 እትም ታረሙ። ትሩክሪፕትን ግን የሚያርምለት የለም።

የድሮ የትሩክሪፕት ኮንቴይነር ያላችሁ፣ ከ1.26 ወዲህ ያለው ቬራክሪፕት እንደማይከፍትላችሁ እወቁ። በ1.25.9 ክፈቱትና ፋይሉን ወደ አዲስ አዛውሩ።

የቴሌግራም ቻናልን በተመለከተ፣ ፊልም አውርዱበት። የቁልፍ ፕሮግራም ግን ከራሱ ከቬራክሪፕት ገጽ ውሰዱና የፒጂፒ ፊርማውን (ፋይሉ ከሠሪዎቹ እንደመጣ የሚያሳየውን ዲጂታል ፊርማ) አረጋግጡ። ከፋይሉ አጠገብ የተጻፈውን ቼክሰም (ከፋይሉ ይዘት የተሰላ መለያ ቁጥር) ብቻ ማየት አይበቃም። ፋይሉን የቀየረ ሰው ቁጥሩንም ሊቀይረው ይችላል።

ራስ ገንብቶ ሳይፈትሹ ማመን

ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ያሉት የኮምፒውተር ልጆች ሶርስ ኮዱን አውርደው ራሳቸው ኮምፓይል ማድረግ (ወደሚሠራ ፕሮግራም መለወጥ) ይወዳሉ። እኔም እወዳለሁ። ሊኑክስ ላይ ከባድ አይደለም። የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር፣ ያዝም የሚባለው አሴምብለር፣ የፊውዝና (መስኮቶቹን የሚሠራው) የደብሊውኤክስ ዊጀትስ ላይብረሪዎች ካሉ ሜክ የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ መጠበቅ ነው። ደብሊውኤክስ ዊጀትስን ራሱን ከባዶ ከገነባችሁ ግን መብራት የማይጠፋበትን ሰዓት ምረጡ። መስኮት የማያስፈልጋችሁ ከሆነ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራውን መገንባት ይቻላል፤ ለድሮ ላፕቶፕ ይሻላል።

ዊንዶውስ ላይ የሚጀምሩት ልጆች ግን አንድ ግድግዳ ይገጫሉ። ኮዱ ኮምፓይል ይሆናል፣ ፕሮግራሙ ይነሳል፣ ድራይቨሩ ግን አይጫንም። 64 ቢት ዊንዶውስ ያልተፈረመ ድራይቨር አይቀበልም። አንዳንዱ ይናደድና ማሽኑን ቴስት ሳይኒንግ ላይ (በሙከራ ፊርማ የተፈረመ ድራይቨር እንዲቀበል) አድርጎ ይተወዋል። ለሙከራ ማሽን ይሁን። የዕለት ሥራ የምትሠሩበት ላፕቶፕ ላይ ግን ሌላ ያልታመነ ድራይቨርም በዚያው በር ይገባል።

ከዚህ የባሰው ኮዱን «ማሻሻል» ነው። አንድ ልጅ ኮንቴይነሩ ለመከፈት ብዙ ሰከንድ ፈጀብኝ ብሎ የዙሩን ቁጥር በኮዱ ውስጥ ቀነሰው። ፈጠነለት። ከዚያ ላፕቶፑ ተሰረቀ። ባክአፕ ነበረው፤ ግን ኦፊሴላዊው ቬራክሪፕት የእሱን ኮንቴይነር አያውቀውም። የቀየረው ኮድ ደግሞ የተሰረቀው ላፕቶፕ ላይ ነው። የዙሩን ቁጥር በኮዱ ውስጥ እንደገና ያንኑ ያህል እስኪቀንስ ድረስ የገዛ ፋይሉን ማየት አልቻለም። ለነገሩ ያ መዘግየት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ እናንተ አንዴ የምትጠብቁትን ፓስወርድ ገማቹ በእያንዳንዱ ሙከራ ይጠብቃል።

ስለዚህ ከገነባችሁ በኋላ የፕሮግራሙን የራስ ፍተሻ አስኪዱት። ከዚያ በእናንተው ግንባታ ትንሽ ኮንቴይነር ፍጠሩና በኦፊሴላዊው ክፈቱት። በኦፊሴላዊው የተፈጠረውንም በእናንተው። ሁለቱም ካልሆነ እውነተኛ ፋይል አታስገቡበት።

ለመመረቂያ ፕሮጀክት የራሱን የዲስክ ምስጠራ ከዜሮ የሚጽፍም አለ። ለመማር ጎበዝ። ግን ፓስወርዱን በቀጥታ ቁልፍ አድርጎ መጠቀም፣ ሶልት (ከፓስወርዱ ጋር የሚቀላቀል የዘፈቀደ ቁጥር) አለመጨመር፣ ኢሲቢ የሚባለውን የምስጠራ ስልት መምረጥ፣ ሦስቱም ደጋግመው የሚመጡ ናቸው። በኢሲቢ አንድ ዓይነት የሆነ ብሎክ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ይመሰጠራል። ፎቶ ብታመሰጥሩበት የሰውየው ቅርጽ ይታያል። ቬራክሪፕት የሚጠቀመው ኤክስቲኤስ የሚባለውን ስልት ነው፤ እያንዳንዱ ብሎክ ከቦታው ጋር ተያይዞ ይመሰጠራል።

ባክአፕ አለኝ ብሎ መተኛት

ይህቺ ስውር ናት። ቬራክሪፕት ካልነገራችሁት በቀር የኮንቴይነሩን የተሻሻለበትን ቀን አይቀይርም። ውስጡ ላይ ሦስት ወር ብትጽፉም ፋይሉ ከውጭ ሲታይ የተፈጠረበት ዕለት ላይ ቆሟል። ቀን እያየ የሚገለብጥ የባክአፕ ፕሮግራም «አልተነካም» ብሎ ያልፈዋል። እናንተም ባክአፕ እንዳላችሁ እያሰባችሁ ትኖራላችሁ። ቬራክሪፕት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቀኑ እንዳይቀየር የሚያደርገውን ምርጫ አጥፉት። ኮንቴይነሩንም ትንሽ አድርጉት። ክላውድ ላይ ብትጭኑት አንድ መስመር በቀየራችሁ ቁጥር ሙሉው ፋይል እንደገና ሊጫን ይችላል። 20 ጊጋ በዚህ ኔት አስቡት።

ክዳኑን ብቻ መዝጋት

ላፕቶፑ ስሊፕ ላይ ሲሆን ቁልፉ ሚሞሪ ላይ ነው። ሃይበርኔት ሲሆን ደግሞ ሚሞሪው ዲስክ ላይ ይጻፋል፤ ሲስተም ድራይቩ ካልተቆለፈ ከነቁልፉ ነው። ከቤት ስትወጡ ዲስማውንት አድርጉና (የከፈታችሁትን ኮንቴይነር መልሳችሁ ቆልፉና) ላፕቶፑን አጥፉት። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን፣ ማሽኑ ሲጠፋ የሚሞሪውን ከፊል ዲስክ ላይ የሚጽፈውን የዊንዶውስ ምርጫም አጥፉት። ዲስማውንት ሳያደርጉ ፍላሽ መንቀልማ አልናገርም፤ ታውቁታላችሁ፣ ታደርጉታላችሁም።

ፎቶ ኮፒ ቤት ኮንቴይነር መክፈት

ሰው ማሽን ላይ ቬራክሪፕት እንዲሠራ የአድሚን ፈቃድ ይፈልጋል። ልጁ ፈቀደላችሁ እንበል። ያ ማሽን በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካበት፣ ስንት ቫይረስ እንዳደረበት አስቡ። ፓስወርዳችሁን እዚያ ስትጽፉ ኪሎገር (የምትጽፉትን ሁሉ የሚመዘግብ ሰላይ ፕሮግራም) ካለ ቁልፉን በእጃችሁ ሰጣችሁት ማለት ነው። ዎርድ ደግሞ የከፈታችሁትን ፋይል ጊዜያዊ ቅጂ ዲስኩ ላይ ሊተው ይችላል።

ለፕሪንት ሌላ ርካሽ ፍላሽ ያዙ። የሚታተመውን ፒዲኤፍ ብቻ ቤት ገልብጡበት። የተቆለፈው ፍላሽ ከቦርሳ አይውጣ።

ያቺ ተማሪ አሁን ሁለት ፍላሽ አላት። የተቆለፈው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፋ በእስክሪብቶ ጽፋበታለች። በአማርኛ «ፎርማት እንዳታደርግ» ይላል፤ ከሥሩ ያንኑ በኦሮምኛ ደግማዋለች።