ከአዲስ አበባ እስከ ቦንጋ፦ በረጅም መንገድ ላይ ኢንተርኔት እንዳይርቅዎ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በወሊሶ፣ በወልቂጤና በጅማ አድርጎ ቦንጋ የሚያደርሰው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በየከተማው ኔትወርክ ቢኖርም፣ መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ ሲወርድ፣ ከጅማ ወዲያም ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ካፋ ደናማ ኮረብቶች ሲገባ ሊቆራረጥ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ይገባል፤ በስልኩና በማማው መካከል ጋራ ሲገባ ሞገዱ ይደክማልና። ስለዚህ ዝግጅቱ በዋዜማው፣ ገና ከቤት ሳይወጡ ማለቅ አለበት።

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ፣ ሁለት ሲም የሚቀበል ስልክ ያለው መንገደኛ የሁለቱንም ድርጅቶች ካርድ ቢይዝ አንዱ በጠፋበት ቦታ ሌላውን የማግኘት ዕድል አለው። አንድ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ሽፋኑ ሰፋ ያለውን የኢትዮ ቴሌኮምን ቢመርጥ ይሻላል። የዕለት ጥቅል በዋዜማው ማታ ከተገዛ በማግስቱ መንገድ ላይ እያሉ ጊዜው ሊያበቃ ስለሚችል፣ የሳምንት ጥቅል መግዛት ይመረጣል።

የጉዞውን መስመር የሚሸፍነውን ካርታ በጉግል ማፕ ላይ አስቀድመው ያውርዱ። ስልኩ ያሉበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት ስለሆነ፣ ካርታው ከወረደ ዳታ ባይኖርም መንገዱን ያሳይዎታል። በቴሌግራም ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድም ማጥፋት አይዘንጉ፤ ደካማውን ኔትወርክ የሚሻማው በአብዛኛው ይህ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው፣ በእኔ እምነት፣ የክፍያው ነገር ነው። ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ከተወሰነበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ ኪሱ ጥሬ ገንዘብ የሞላ አሽከርካሪ እንኳ ኔትወርክ ከሌለ ማደያ ላይ ሊቆም ይችላል። የቴሌብር መተግበሪያ አልከፍት ሲል ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ ይሁን እንጂ *127# ብሎ መደወል ዳታ አይፈልግም፣ ለጥሪ የሚበቃ ኔትወርክ ካለ ይሠራል። ሲደውሉ የሚመጣውን የምርጫ ዝርዝር ቤት ሆነው አንድ ሁለት ጊዜ ይሞክሩት፣ የሚስጥር ቁጥርዎንም ያስታውሱ። ታንኩንም ጅማ ላይ መሙላት ተገቢ ነው። ለምግብና ለድንገተኛ ጉዳይ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ መያዝ ግን አሁንም ያስፈልጋል።

ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ስልኩ ማማ ፍለጋ ኃይሉን ስለሚጨምር ባትሪው ፈጥኖ ያልቃል። ጥሪ የማይጠብቁ ከሆነ እንዲህ ባለው ስፍራ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት፤ የወረደው ካርታ መሥራቱን አያቆምም። ከመኪናው ቻርጀር በተጨማሪ የተሞላ ፓወር ባንክ ይያዙ። ለቤተሰቡ ሆትስፖት የሚከፍተው ስልክ ከቦርሳ ወጥቶ መስኮት አጠገብ፣ ነገር ግን ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። መኪና የሚነዳው ሰው ስልክ አይንካ፤ ይህን ሁሉ አብሮት የተቀመጠው ይሥራ።

ዳታ እምቢ ባለበት ቦታ አጭር የጽሑፍ መልእክት ብዙ ጊዜ ያልፋል። ከመነሳትዎ በፊት ወልቂጤ፣ ጅማና ቦንጋ ሲደርሱ መልእክት እንደሚልኩ፣ በመካከሉ ስልክዎ ባይሠራ ግን እንዳይደነግጡ ለቤተሰብ ይንገሩ።