ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ ሱቅ ፕሮሞሽን ሲያወጣ

ፕሮሞሽን «ወደ ፊት ማንቀሳቀስ» ከሚል የላቲን ግስ የመጣ ቃል ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ የደረጃ ዕድገት ይባልበታል፤ ገበያ ላይ ማስተዋወቅና ቅናሽ ነው። እዚህ የምናየው የገበያውን ነው፦ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ ሱቅ ሳይከስር እንዴት ቅናሽ እንደሚያወጣ።

ባነር ከማሠራታችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ። ቅናሹ በሙሉ የሚነሳው ከትርፋችሁ ላይ ነው። በ80 ብር ገዝታችሁ በ100 የምትሸጡት ዕቃ ላይ 10 በመቶ ብትቀንሱ ትርፉ ከ20 ወደ 10 ይወርዳል፤ የቀድሞውን ትርፍ ለማግኘት ሁለት እጥፍ መሸጥ ግድ ይላችኋል። 15 በመቶ ከሆነ አራት እጥፍ። «ሦስት ለገዛ አንድ በነፃ» የሚለው፣ ሁሉም የሚወደው፣ 320 ብር የወጣበትን አራት ዕቃ በ300 መስጠት ነው። «አምስት ለገዛ አንድ» ብትሉ ቢያንስ 20 ብር ይተርፋችኋል።

ዕቃው ሰው ዋጋውን በቃሉ የሚያውቀው ይሁን፤ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ዳይፐር። ዋጋው የማይታወቅ ዕቃ ቢቀንስም ማንም ልብ አይለውም። ዘይትና ስኳር ትርፋቸው ቀጭን ስለሆነ ባትነኳቸው ይሻላል። «ለአንድ ሰው ከ2 አይበልጥም» ብላችሁም ጻፉ፤ አለዚያ የጎረቤት ባለሱቅ ልጅ ልኮ ጠቅልሎ ይወስደውና ነገ በሙሉ ዋጋ ይሸጠዋል።

ሰፈሩ ጠዋት ወደ መሀል ከተማ ወጥቶ ማታ የሚመለስ ነው። ስለዚህ ከቀትር በኋላ ሞንታርቦ ማስጮኽ ሕፃን ከመቀስቀስ ያለፈ ጥቅም የለውም። ዕቃውን ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በር ላይ ደርድሩ፤ የሳይቱ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶውን ከአሮጌውና ከአዲሱ ዋጋ ጋር 10 ሰዓት ገደማ ልቀቁ፣ ሰው አውቶቡስ ላይ ሆኖ ያየዋል። ደመወዝ በወጣ ሰሞን፣ ለሦስት ወይም ለአራት ቀን፣ ማብቂያው ቀን ተጽፎ። ማብቂያ የሌለው ቅናሽ መደበኛ ዋጋ ይሆንና ስትመልሱት «ጨመሩ» ይባላል።

100 የነበረውን «ከ130 የወረደ» ብላችሁ እንዳትለጥፉ፤ ሸማችን በዋጋ ማሳሳት በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ክልክል ነው፣ ደግሞም ጎረቤት የትናንቱን ዋጋ አይረሳም። ዕጣ ማውጣት ካሰባችሁ የብሔራዊ ሎተሪን ፈቃድ ይጠይቃል። መንገድ ዳር ለሚሰቀል ባነር መጀመሪያ ወረዳውን ጠይቁ። ደረሰኝ ላይ የሚወጣውም የተቀነሰው ዋጋ ይሁን።

ሽያጩን ከቅናሹ በፊት ባለው ሳምንት፣ በቅናሹ ቀናትና ቀጥሎ ባለው ሳምንት ለየብቻ መዝግቡ። ሁለት እሽግ ዳይፐር የወሰደች እናት በቀጣዩ ሳምንት አትመጣም፤ የቅናሹን ቀን ብቻ የቆጠረ ሰው ያላተረፈውን ያተረፈ ይመስለዋል።