የሪሞት መኪና ሊፖ ባትሪ ያለ አደጋ እንዴት ቻርጅ ይደረጋል?

የስልክ ባትሪ ከልክ በላይ እንዳይሞላ የሚያቋርጥለት ትንሽ ሰርኪዩት ከውስጡ አለው። በሪሞት ለሚነዳ መኪና የምንጠቀምበት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ የለውም። ጠባቂዎቹ ቻርጀሩና አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ናቸው። ጅማ ላለን ሰዎች ባትሪው ከአዲስ አበባ ወይም በሰው እጅ ከውጭ ስለሚመጣ፣ አንዱን ለማትረፍ የማናደርገው የለም። ቤቴ ውስጥ እሳት ያስነሳውም ይኸው ስስት ነው።

መጀመሪያ ባትሪው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። የኔው 2ኤስ፣ 7.4 ቮልት፣ 5000 ሚሊአምፔር-ሰዓት፣ 50ሲ ይላል። 2ኤስ ማለት ሁለት ሴሎች በተከታታይ ተያይዘዋል ማለት ነው። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ስለሚሆን ሁለቱ 8.4 ላይ ይቆማሉ። 50ሲ የሚለው ኃይል የሚያወጣበትን ፍጥነት እንጂ የሚሞላበትን አይናገርም። መሙላት ያለበት በ1ሲ፣ ማለትም ከተጻፈው አቅም ጋር በሚስተካከል አምፔር ነው፤ 5000 ከሆነ በ5 አምፔር፣ 2200 ከሆነ በ2.2። እኔ ጊዜ ካለኝ ከዚያም አሳንሳለሁ።

ቦታው ሲሚንቶ ወለል ይሁን፣ ከመጋረጃና ከፍራሽ የራቀ። የተሰነጠቀ የሸክላ ምጣድ ካለዎት አይጣሉት፤ ባትሪውን እሱ ላይ ያስቀምጡ። አጠገቡ ደረቅ አሸዋ የሞላ ባልዲ ይኑር። የጅማ ዝናብ ረጅም ነውና ባልዲው ክዳን ይፈልጋል። እሳት አይበግረውም ተብሎ የሚሸጠውን ከረጢት እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ግን እሱን አምኜ ከክፍሉ አልወጣም።

ባትሪውን በእጅዎ ይዳስሱት። ከሩጫ የተመለሰ ከሆነ እስኪበርድ ይጠብቁ። ካበጠ፣ ከተወጋ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ሽታ ካለው ቻርጅ አይደረግም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ የእያንዳንዱን ሴል ቮልት ይለኩ። ነጩ ትንሽ ሶኬት ላይ የሚሰካ መለኪያ አለ፤ ከሌለዎት ቴስተር ይበቃል። ከነጩ ሶኬት ጥቁር ሽቦ እስከ መሐለኛው አንዱ ሴል ነው፣ ከመሐለኛው እስከ ቀዩ ደግሞ ሌላው። የቴስተሩ ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ይጠንቀቁ። ሁለቱም ከ3.0 ቮልት በላይ ከሆኑና ከተቀራረቡ ይቀጥሉ። አንዱ ከዚያ በታች ከወረደ ቻርጀሩ በሊፖ አልሞላም ብሎ ይጮኻል። እምቢ ሲል ይስሙት።

እኔ አልሰማሁትም። ባትሪው ከመኪናው ሳይነቀል አድሮ ጠዋት አንዱ ሴል 2.4 ቮልት ሆኖ አገኘሁት። «በኒኬል ሞድ ሁለት ደቂቃ ስጠውና ሲነሳ ወደ ሊፖ መልሰው» የሚል ምክር ሰምቼ ነበር። ነጩን ሶኬት ሳልሰካ የአባቴ የዋንዛ በርጩማ ላይ አስቀምጬ ጀመርኩት። እንግዳ መጣ፣ ቡና ተፈላ፣ ሁለቷ ደቂቃ ከአቦል እስከ በረካ ሆነች። በረካው ሲቀዳ ከጓዳው ፉጨት ሰማሁ። ስገባ ባትሪው ነበልባል እየተፋ ነው፤ ልጄም እዚያው መሬት ላይ ትጫወታለች። እሷን አፍሼ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኒኬል ባትሪ ሲሞላ ቮልቱ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ቻርጀሩም ያቺን መውረድ አይቶ ያቆማል። ሊፖ ግን እንዲያ አይወርድም። ቻርጀሩ የማይመጣ ምልክት እየጠበቀ መሙላቱን ይቀጥላል፤ ሴሉ 4.2ን ያልፋል፣ ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል፣ ያብጣል፣ ይግላል፣ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ከ3.0 የወረደ ሊፖ ለኔ ሞቷል፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን።

የቻርጀሩን ገመድ አስቀድመው ከቻርጀሩ፣ ቀጥሎ ከባትሪው ያገናኙ፤ ተገላብጦ ከተሠራ የተጋለጡት ጫፎች ተነካክተው ሾርት ያደርጋሉ። ነጩንም ይሰኩ። ሊፖ፣ ባላንስ (ሴሎቹን እኩል የሚሞላው ሞድ)፣ የሴል ብዛት፣ አምፔር፤ አራቱንም ስክሪኑ ላይ ካነበቡ በኋላ ያስጀምሩ። ቻርጀሩ የቆጠረው የሴል ብዛት ከባትሪው ጽሑፍ ጋር ካልተስማማ አያስጀምሩት።

መብራት ከሄደ ባትሪውን ይንቀሉ። እንደመጣ ወዲያው አይሰኩ፤ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ፣ ከዚያ አራቱን እንደገና ያንብቡ። የፍሪጅ ስታብላይዘር ካለዎት ቻርጀሩንም በሱ በኩል ያድርጉት።

ለቀናት የማይነዱት ከሆነ በስቶሬጅ ሞድ እያንዳንዱን ሴል 3.8 ቮልት አካባቢ አድርገው፣ ከመኪናው ነቅለው ያስቀምጡ።

ጭስ ካዩ መጀመሪያ ሰው ይውጣ። የግድግዳውን ሶኬት መድረስ ከቻሉ ይንቀሉና አሸዋውን ይድፉበት። ጭሱ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ስላለበት ሳንባ ይጎዳል፤ ባትሪውን አንስቶ ለመሮጥ አይሞክሩ።

የሞተውን ባትሪ ግቢ ውስጥ፣ ሲሚንቶ ላይ፣ ከ12 ቮልት የመኪና አምፖል ጋር አገናኝተው አጠገቡ ሆነው ይጠብቁ። አምፖሉ ከጠፋም በኋላ ቴስተሩ ዜሮ አካባቢ እስኪያሳይ አይንቀሉት። ከዚያ ጫፎቹን አንድ በአንድ በፕላስተር ይጠቅልሉ።