ከቀላል ቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስልን ያለ አላስፈላጊ ሥቃይ እንዴት መንከባከብ ይቻላል?

እባጭ ተከፍቶ መግሉ ከወጣ፣ ወደ ሥጋ የገባ የእግር ጥፍር ከተነቀለ ወይም ከቆዳ ሥር ያለ የስብ እብጠት ከተወገደ በኋላ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርሩት ስለ ቀዶ ሕክምናው ሳይሆን ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው የቁስል እጥበትና የፋሻ ለውጥ ነው። ቀዶ ሕክምናው በማደንዘዣ ስለሚሠራ ብዙም አይሰማም፤ ቁስሉ የሚታጠበውና የሚታሸገው ግን ማደንዘዣው ከለቀቀ በኋላ ነው። ብዙ ሕመምተኞች ይህን ሥቃይ የግድ ሊችሉት እንደሚገባ አድርገው ይቀበሉትና ጥርሳቸውን ነክሰው ያልፉታል፤ አንዳንዶቹም ፈርተው ከቀጠሮ ይቀራሉ። ከቀጠሮ በቀሩ መጠን ጎዙ (ቁስሉ ላይ የሚደረገው ስስ የጥጥ ጨርቅ) ከቁስሉ ጋር ይበልጥ ይጣበቃል፣ ቁስሉም የመመርቀዝ ዕድሉ ይጨምራል፣ ቀጣዩ እጥበት ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ይሆናል። የዚህ ሥቃይ ትልቁ ክፍል በዝግጅትና በትክክለኛ አሠራር ሊቀነስ ይችላል። ሐኪምዎ ስለ ቁስልዎ የሰጡት የተለየ ትእዛዝ ካለ ግን እዚህ ከተጻፈው ሁሉ ይቀድማል።

1. ከሕክምና ቤቱ ሳይወጡ ስለ ቁስሉ ይጠይቁ

በመጀመሪያ ማወቅ ያለብዎት ቁስሉ ተሰፍቶ የተዘጋ ወይም ክፍት የተተወ መሆኑን ነው። የተሰፋ ቁስል የሚፈልገው እንክብካቤ ጥቂት ነው። ክፍት የተተወ ቁስል ግን በየጊዜው መታጠብና መሸፈን አለበት። ቁስሉ ክፍት ሆኖ ሲታይ ብዙ ሰው ሐኪሙ ሥራውን ሳይጨርስ እንደተወው ይሰማዋል፤ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። መግል የያዘ ቦታ ቢሰፋ ጀርሙ ከውስጥ ታፍኖ እንደገና ስለሚያመረቅዝ፣ እንዲህ ያለው ቁስል ከሥሩ ተነሥቶ ወደ ላይ እየሞላ እንዲድን ሆነ ተብሎ ክፍት ይተዋል።

ክሩ በራሱ የሚሟሟ ነው ወይስ መውጣት ያለበት? የመጀመሪያው ፋሻ መቼ ይነሣል? በየስንት ቀኑስ ይቀየራል? የቴታነስ (የመንጋጋ ቆልፍ) ክትባት ያስፈልገኛል? እነዚህን ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ቢይዙ ይመረጣል። መውጣት ያለበት ስፌት በአብዛኛው በፊት ላይ ከሆነ በ5 ቀን ገደማ፣ በራስ ቅልና በሰውነት መሐል ክፍል ከ7 እስከ 10 ቀን፣ በእጅና በእግር ደግሞ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል። ክሩ ከሚገባው በላይ ከቆየ የራሱን ጠባሳ ይተዋል፤ ያለ ጊዜው ከወጣ ደግሞ ቁስሉ ሊከፈት ይችላል።

2. ማስታገሻውን ማደንዘዣው ሳይለቅ ይጀምሩ

ለቀላል ቀዶ ሕክምና በብዛት የሚወጋው ሊዶኬይን ብቻውን ሲሰጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ ያደነዝዛል፤ ከአድሬናሊን ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ ከዚህ በላይ ይቆያል። ሕመሙ ከተቀሰቀሰ በኋላ ማስታገስ አስቀድሞ ከመከላከል ይልቅ ስለሚከብድ፣ የመጀመሪያው የማስታገሻ ክኒን ቦታው ገና ደንዝዞ እያለ ቢወሰድ ጥሩ ነው።

ለአዋቂ ሰው ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም እስከ 1 ግራም ይወሰዳል፤ በመካከሉ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት መቆየት፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ4 ግራም አለማለፍ ያስፈልጋል። የጉበት ሕመም ያለባቸው፣ ክብደታቸው አነስተኛ የሆነና አልኮል አዘውትረው የሚጠጡ ሰዎች መጠኑ ዝቅ ሊልላቸው ስለሚገባ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ያማክሩ። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች በውስጣቸው ፓራሲታሞል እንዳለባቸውም አይዘንጉ፤ ሳያውቁ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ጉበትን ይጎዳል። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር በቀን እስከ ሦስት ጊዜ ሊወሰድ ይችላል፤ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም በእንዲህ ያሉ መድኃኒቶች የሚነሣ አስም ላለባቸው፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስዱና ለነፍሰ ጡሮች ግን አይመከርም። ሁለቱ መድኃኒቶች የሚሠሩበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ፣ የሚከለክል ነገር ከሌለ አብረው መወሰዳቸው እያንዳንዱ ብቻውን ከሚሰጠው የተሻለ እፎይታ ይሰጣል። ለልጆች የሚሰጠው መጠን በክብደታቸው ስለሚሰላ በግምት አይስጡ፤ አስፕሪንንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይስጧቸው።

3. ለፋሻ ለውጡ በጊዜ ይዘጋጁ

የሚዋጥ ማስታገሻ ሥራውን በደንብ ለመጀመር ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ቁስሉ ሊታጠብ ሲል ወይም ከታጠበ በኋላ የተዋጠ ክኒን በአስፈላጊው ሰዓት አይደርስም። ስለዚህ ቀጠሮዎ ያለበትን ሰዓት ወደ ኋላ ቆጥረው ክኒኑን ይውሰዱ። በባዶ ሆድ ሆነው ቁስል ማጠብ ማዞርና ራስን መሳት ሊያስከትል ስለሚችል ትንሽ ነገር ይቅመሱ፤ ቤት ውስጥ የሚያጥቡ ከሆነም ተቀምጠው ወይም ጋደም ብለው ይሁን።

የሚያስፈልገውን ሁሉ ፋሻውን ሳይነኩ በፊት በንጹሕ ቦታ ላይ ያሰናዱ፦ ማጠቢያ ፈሳሽ፣ ጎዝ፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ጓንትና የቆሻሻ ከረጢት። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡና ያድርቁ። ለማጠቢያ ኖርማል ሳላይን (ለሕክምና የተዘጋጀ የጨው ውኃ) ከሌለ፣ ግማሽ ሊትር ውኃ አፍልተው አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ጨው በመጨመር ማዘጋጀት ይቻላል፤ ተከድኖ ይቆይ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ካላለቀም መድፋት ነው። ለመጠጥ የሚሆን ንጹሕ ውኃም ለአብዛኛው ቁስል ይበቃል። ፈሳሹ ለብ ያለ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሕመሙን ይቀሰቅሳል፣ ቁስሉንም አቀዝቅዞ መዳኑን ያዘገያል።

4. የድሮውን ፋሻ በእርጋታ ያንሡ

ከሁሉ የበለጠ የሚያመው ይህ ደረጃ ነው፤ ከሁሉ የበለጠ ሊሻሻል የሚችለውም ይኸው ነው። ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽ በጎዙ ክሮች መካከል ገብቶ ሲደርቅ ክሮቹን አዲስ ከሚያድገው ቀይ ሥጋ ጋር ያያይዛቸዋል። እንዲህ የደረቀ ጎዝ ሲነጨት የሚያመው ለጋው ሥጋ አብሮት ስለሚገነጠል ነው፤ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን የቀናት እድገትም አብሮ ይጠፋል። «ቶሎ ቢነጨት ይሻላል» የሚለው ምክር ለእንዲህ ዓይነቱ ጎዝ ፈጽሞ አይሠራም።

በመጀመሪያ ፕላስተሩን ያስለቅቁ። በአንድ እጅ ጣት ቆዳውን ይዘው፣ በሌላው እጅ ፕላስተሩን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ በራሱ ላይ እያጠፉ፣ ጸጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ቀስ እያሉ ያላቅቁት። ጠርዙን በውኃ ማራስ ሥራውን ያቀለዋል። ቀጥሎ ጎዙን ለብ ባለው ፈሳሽ በደንብ አርሰው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይተዉት። ሲነኩት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ከዳር ወደ መሐል ያንሡት፤ አንድ ቦታ ላይ እምቢ ካለ መጎተቱን አቁመው ያንኑ ቦታ እንደገና ያርሱትና ይጠብቁ። በችኮላ ሁለት ደቂቃ ለማትረፍ ሲባል ሕመምተኛን ማሠቃየት፣ በእኔ እምነት፣ ምንም ምክንያት የለውም። በጤና ተቋም የሚታከሙ ከሆነም ባለሙያውን «እባክዎ መጀመሪያ ይራስልኝ» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ጎዙ በየጊዜው የሚጣበቅ ከሆነ ችግሩ ያለው ከፋሻው ዓይነት ነው። በቫዝሊን የተነከረ ጎዝ ወይም ሲሊኮን ያለበት የማይጣበቅ ፋሻ በቁስሉና በደረቁ ጎዝ መካከል እንዲደረግልዎ ይጠይቁ።

5. ሳያቃጥሉ ይጠቡ

ፈሳሹን በቀስታ በማፍሰስ ወይም በመርፌ አልባ ሲሪንጅ በመርጨት ቁስሉን ማጠብ በጎዝ ከመፈግፈግ ያነሰ ያማል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቁስሉ ውስጥ አይጨምሩ፤ ሐኪም ካላዘዘም በአዮዲን ደጋግመው አይጠቡት። ማቃጠላቸው የመሥራታቸው ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል፤ እነዚህ ነገሮች ግን ከጀርሙ ጋር ቁስሉን የሚሞሉትን ሕዋሳትም ይጎዳሉ። ቁስል ተገልጦ አየር ማግኘት አለበት የሚለውም ልማድ ከሕክምናው እውቀት ጋር አይስማማም። ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር በ1962 እ.ኤ.አ. በአሳማዎች ላይ ባደረገው ጥናት እርጥበቱ የተጠበቀለት ቁስል በአየር እንዲደርቅ ከተተወው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት አዲስ ቆዳ እንደሚያበቅል አሳይቷል። የተሸፈነ ቁስል የነርቭ ጫፎቹ አየር ስለማይነካቸው ሕመሙም ይቀንሳል።

6. ጉድጓድ ያለው ቁስል ከሆነ ጎዙን አይጠቅጥቁት

በክፍት ቁስል ውስጥ የሚገባው ጎዝ ሥራው ቀዳዳውን መድፈን ሳይሆን የላይኛው ቆዳ ከሥሩ ቀድሞ እንዳይዘጋ ማድረግና ፈሳሹን መምጠጥ ነው። ስለዚህ በሳላይን ረጥቦና ተጨምቆ፣ ላላ ብሎ መግባት አለበት፤ ተጠቅጥቆ የገባ ጎዝ የደም ዝውውርን ይጫናል፣ ቀኑን ሙሉም ይጠዘጥዛል። ጫፉ ከውጭ እንዲታይ ያድርጉ፣ ስንት ቁራጭ እንዳስገቡም ይቁጠሩ፤ ውስጥ የተረሳ ጎዝ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል። ትንንሽ እባጮች ከተከፈቱ በኋላ በጎዝ መሞላታቸው ሁልጊዜ አስፈላጊ ስላልሆነ፣ በየቀኑ የሚደረገው መሙላት በጣም የሚያሠቃይዎ ከሆነ መቀጠሉ የግድ ስለመሆኑ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

7. ከሚያክምዎ ባለሙያ ጋር ይስማሙ

ሕመም ሲጠበቅ ይብሳል፤ ፍርሃት ጡንቻን ያኮማትራል፣ ስሜትንም ያሾላል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት እጅ ሲያነሡ ባለሙያው እንዲያቆም መስማማት፣ አንድ ጊዜም እንኳ ባይጠቀሙበት፣ ሁኔታው በእጅዎ እንዳለ እንዲሰማዎ ያደርጋል። ሕመምዎን ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ይናገሩ፤ «ትንሽ ያመኛል» ከማለት ይልቅ «ባለፈው 8 ነበር» ማለት ባለሙያው ማስታገሻ እንዲጨምር ወይም አሠራሩን እንዲቀይር ግልጽ መነሻ ይሰጠዋል። ፋሻውን ራስዎ ማንሣት ከፈለጉም ይጠይቁ፤ ብዙ ሰው በራሱ እጅ ሲሆን ያነሰ ያመዋል። በሚታጠቡበት ጊዜ ትንፋሽን አይያዙ፤ በአፍንጫ ስበው በአፍ ረዘም አድርገው ያውጡ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ሥቃዩ የማይቻል ከሆነ፣ የሚቀባ ሊዶኬይን ወይም ጠንከር ያለ ማስታገሻ መጠየቅ ደካማነት አይደለም።

8. በፋሻ ለውጦቹ መካከል

ቁስሉ በእጅ ወይም በእግር ላይ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ከልብ ከፍታ በላይ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ እብጠቱን ስለሚቀንስ የሚጠዘጥዘውን ሕመም ያስታግሳል። የተሰፋ ቁስል ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ በሻወር መታጠብ ይቻላል፤ መዘፍዘፍና ዋና ግን እስኪድን ይቆዩ። ሲጋራ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ቢያንስ ለእነዚህ ሳምንታት ይተዉት። ፕሮቲን ያለው ምግብ ይመገቡ፤ ስኳር ሕመም ካለብዎ የስኳር መጠንዎን ከወትሮው በበለጠ ይከታተሉ። ትራማዶል ወይም ኮዴይን የተባለ ጠንከር ያለ ማስታገሻ ከታዘዘልዎ የሆድ ድርቀትና ድብታ ስለሚያስከትል ውኃ በብዛት ይጠጡ፣ መኪናም አይንዱ።

9. የሕመሙን አካሄድ ይከታተሉ

ጤናማ ቁስል ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ቀናት በኋላ ከቀን ወደ ቀን ሕመሙ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ እየጨመረ የሚሄድ ሕመም ማስታገሻ ተወስዶ ዝም የሚባል ነገር አይደለም። በቁስሉ ዙሪያ የሚሰፋ መቅላትና ሙቀት፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ፣ ከቁስሉ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚዘልቅ ቀይ መስመር፣ የስፌቱ መከፈት፣ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት ካዩ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ከቁስሉ መልክ ጋር የማይመጣጠን እጅግ ከባድ ሕመም፣ ግራ መጋባት ወይም የትንፋሽ መፍጠን ካለ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ከደማ በንጹሕ ጎዝ ጠንከር አድርገው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳያነሡ ይጫኑት፤ በየመሐሉ ገልጦ ማየት የረጋውን ደም ያነሣዋል። ካላቆመ እየተጫኑት ወደ ሕክምና ይሂዱ።

10. ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ

ማሳከኩ የተለመደ ነው፤ ከማከክ ይልቅ በመዳፍ ቀስ አድርገው መጫን ወይም በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ማስደገፍ ይረዳል። ቆዳው የተዘጋ ቢመስልም ውስጡ እስከ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ራሱን ማጠንከሩን ይቀጥላል፤ በመጨረሻም የሚደርሰው ከቀድሞው ጥንካሬ 80 በመቶ ገደማ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነገር ማንሣትና ቦታውን የሚወጥር እንቅስቃሴ ማድረግ አይገባም። አዲስ ጠባሳ በፀሐይ ይጠቁራልና ይሸፍኑት ወይም መከላከያ ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም ይቀቡት። ጠባሳው ከቁስሉ ወሰን አልፎ እየወፈረና እያሳከከ ከሄደ ኬሎይድ ሊሆን ስለሚችል፣ በሲሊኮን ፕላስተር ወይም በመርፌ በሚሰጥ ስቴሮይድ ገና በጅምሩ ሊታከም እንዲችል ለቆዳ ሐኪም ያሳዩት።