ሚዛኑን የያዘው የቡና ስኳር ነበር

ደሴ ነው የምኖረው። ክብደት ለመቀነስ ከረፋዱ 5 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ብቻ እበላለሁ፤ 16 ሰዓት እጾማለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሚዛኑ 84 ኪሎ ላይ ቆመ።

ጾሙን ወደ 18 ሰዓት አራዘምኩ። ማታ በጣም እየራበኝ አብዝቼ በላሁ። እራት ተውኩ፣ እንቅልፍ አጣሁ።

በኋላ የምቀምሰውን ሁሉ ስልኬ ላይ መዘገብኩ። ችግሩ የጠዋቱ ቡና ላይ ተገኘ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር። ስድስቱ ማንኪያ 24 ግራም፣ 100 ካሎሪ ገደማ ነው። ቆሎውም አለ። ለካ ጾሙን በየጠዋቱ እፈታው ነበር!

ቡናውን አልተውኩም፤ ከእናቴ ጋር የምንጫወትበት ሰዓት ነው። ስኳሩን ብቻ አስቀረሁ። ቆሎዬን እስከ 5 ሰዓት ታቆይልኛለች። ከአምስት ሳምንት በኋላ 81 ገባሁ።

የስኳር በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ግን ሐኪም ሳታማክሩ ጾሙን እንዳትሞክሩት።