የወርድ ቴምፕሌት ወደ ፎቶ ስትቀይሩ አማርኛው እንዳይበላሽባችሁ

ሰርተፍኬት፣ የሰርግ ጥሪ፣ የእድር ማስታወቂያ፣ የዋጋ ዝርዝር ምናምን በወርድ ቴምፕሌት (ቅርጹ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ እናንተ ምትሞሉት ፋይል) ሰርታችሁ ለሰው ስትልኩ ፋይሉን እንዳለ አትላኩት። ተቀባዩ ጋር እናንተ የጻፋችሁበት ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ከሌለ መስመሩ ይዘበራረቃል፣ ሰንጠረዡ ወደ ሁለተኛ ገጽ ይገፋል፣ ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ከሆነማ ጭራሽ አማርኛው ጠፍቶ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ነው ሚታየው። ፎቶ ከሆነ ግን እናንተ ያያችሁትን ያያል።

ስሙ መጨረሻ ላይ ዲኦቲኤክስ (.dotx) የሚለውን የቴምፕሌት ፋይል ደብል ክሊክ ስታደርጉት ሚከፈተው ከቴምፕሌቱ የተቀዳ አዲስ ዶክመንት ነው፣ ስለዚህ ስሙንም ቀኑንም ሳትፈሩ ሙሉበት ዋናው አይነካም። ዋናውን ራሱን ማስተካከል ካስፈለገ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኦፕን በሉት። እዚህ ጋር ልብ በሉ፣ እዚህ ጻፍ የሚሉት ግራጫ ቦታዎች ካልተሞሉ ወይም ካልጠፉ ፎቶው ላይም እንዳሉ ይወጣሉ።

አሁን ወርድ ዊንዶውስ ላይ ሴቭ አዝ ውስጥ ጄፔግ (የፎቶ ፋይል ዓይነት) የሚል ምርጫ የለውም፣ ለዚህ ነው ብዙ ሰው ስክሪንሾት ሚያነሳው። እኔ አልመክርም። ስክሪንሾት ስክሪኑ ላይ ያለውን ብቻ ነው ሚይዘው፣ ፕሪንት ሲደረግ ይደበዝዛል፣ ደግሞ ወርድ አማርኛው ስር ሚያሰምረው ቀይ መስመር አብሮ ይገባል፣ ሰርተፍኬት ላይ የሰው ስም ስር ቀይ መስመር ሲታይ በጣም ነው ሚያስጠላው።

ትክክለኛው መንገድ በፒዲኤፍ በኩል ነው። ሴቭ አዝ ብላችሁ ፒዲኤፍ ምረጡ፣ ከታች ሚኒመም ሳይዝ የሚለውን ትታችሁ ስታንዳርድ የሚለውን አድርጉ። ፒዲኤፍ ፎንቱን ውስጡ ይዞ ስለሚሄድ ከዚህ በኋላ የትም ኮምፒውተር ብትከፍቱት ኒያላም ሆነ ሌላ ፎንት አይቀየርም። ከዛ ጊምፕ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፒዲኤፉን ክፈቱት፣ የትኞቹን ገጾች እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል፣ ገጹ ብዙ ከሆነ ሌየርስ ሳይሆን ኢሜጅስ በሉት እያንዳንዱ ለብቻው እንዲከፈት፣ ሬዞሉሽን የሚለው ላይ 300 ጻፉ (በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ማለት ነው)። ኤ4 ወረቀት በ300 ሲወጣ 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል፣ ለፕሪንት በቂ ነው፤ ስልክ ላይ ብቻ ለሚታይ 150ም ይበቃል። በመጨረሻ ኤክስፖርት አዝ ብላችሁ ፒኤንጂ የሚባለውን የፎቶ ዓይነት ምረጡ።

ለምን ጄፔግ አላልኩም? ጄፔግ ፋይሉን ለማሳነስ ሲል የፊደል ዳር ዳሩን ያደፈርሳል። ቡ እና ቢ ሚለዩት በአንዲት ትንሽዬ ጭረት ቦታ ነው፣ ጽሑፉ ደቀቅ ካለ ያቺ ጭረት ትጠፋለች። ፒኤንጂ ግን ምንም አይቀንስም።

ወርድ የሌላችሁ ሊብሬኦፊስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ቴምፕሌቱን ይከፍትላችኋል፣ ኤክስፖርት ውስጥ ቀጥታ ፒኤንጂ አለው ግን አንድ ገጽ ብቻ ነው ሚያወጣው፣ ፎንቱም እዛው ኮምፒውተር ላይ መጫን አለበት። ኦንላይን ላይ ሚቀይሩ ሳይቶችም ሞልተዋል፣ ለሰርግ ጥሪ ችግር የለውም፣ ፊርማና ማህተም ያለበትን ነገር ግን እባካችሁ እዛ አትጫኑ።

ቴሌግራም ላይ ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን ፋይል በሚለው ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ያሳንሰዋል፣ ያ ሁሉ 300 ከንቱ ይቀራል።