ትኬቱ ተወደደ፣ ፏፏቴው ቀጠነ፦ የባሕር ዳር ጉዞ ችግርና መፍትሔ

ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ከእንግዳ ሁለት ዓይነት እሮሮ ይሰማል። አንዱ ገና ሳይመጡ ነው፦ «ትኬቱ እሳት ሆኗል!» ሁለተኛው ከመጡ በኋላ፦ «ጢስ ዓባይ የሚባለው ይሄ ነው እንዴ?» ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ከቀን አመራረጥ ነው። ሰዉ መጀመሪያ የዓመት ፈቃድ ይሞላል፣ ከዚያ ትኬት ያስሳል፣ ስለ አየሩ የሚጠይቀው ሻንጣው ሲዘጋ ነው። ገልብጡት። መጀመሪያ ወሩን ምረጡ፤ በዚያ ወር ውስጥ ርካሹን ቀን ፈልጉ፤ ፈቃዱን በመጨረሻ ሙሉ። የቀረውን በየተራ እንየው።

«ዋጋው ከሰማሁት በጣም ይበልጣል»

በቅድሚያ የያዛችሁትን ቀን ከበዓላት ጋር አስተያዩት። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው። ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር የሚጎርፈው ሰው የጎንደሩ በረራ ሲሞላበት ፊቱን ወደ ባሕር ዳር ያዞራል፤ ጎንደር ከዚህ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ፤ የእሱም እንግዳ በእኛ በኩል ያልፋል። በዚህ ላይ ጥር የሠርግ ወር ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ ከተማው ደምቆ ደስ ይላል፤ ኪስ ግን ይራቆታል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት አውሮፕላኑን ማየት ይበቃል። በዚህ መስመር በብዛት የሚመላለሰው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው400 ነው፤ ሰባ ምናምን ሰው ይጭናል። ወንበሮቹ ቢመሳሰሉም ዋጋቸው አንድ አይደለም። አየር መንገዶች ወንበሩን በዋጋ እርከን ከፋፍለው ነው የሚሸጡት። የታችኛው እርከን ጥቂት ወንበር ይይዛል፣ ቀድሞ የሚያልቀውም እሱ ነው። ሲያልቅ ቀጣዩ ይከፈታል። አንድ የሙሽራ ቤተሰብ ከነሚዜው ቀድሞ ከያዘ የዚያ ቀን ርካሽ ወንበር አለቀ ማለት ነው።

መፍትሔው ቀኑን መግፋት ነው። ከበዓል በፊት ባሉት ሦስት አራት ቀናት ወደ ሰሜን የሚሄደው ይሞላል፤ ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ደግሞ የመመለሻው። እናንተ ሌላው ሲመለስ ግቡ። ማክሰኞና ረቡዕ ከዓርብና ከእሑድ ይሻላሉ፤ የሳምንቱ ጫፍ ላይ የሠርግና የስብሰባ ሰው ይበዛል። በዓሉን ራሱን ማየት የግድ ከሆነ ግን ከወር በላይ ቀድሞ ከመግዛት ሌላ ዘዴ የለም።

«ለብቻዬ ስፈልግ ርካሽ ነበር፣ ለቤተሰብ ስፈልግ ተሰቀለ»

ይሄኛውን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ቀስ ብለን እንየው። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ናችሁ እንበል። ስልካችሁ ላይ «4 ተጓዥ» ብላችሁ ትፈልጋላችሁ። በታችኛው እርከን የቀረው ግን ሁለት ወንበር ብቻ ነው። ሲስተሙ አራታችሁንም በአንድ ዋጋ የሚያስተናግድ እርከን ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል። አራታችሁም የውዱን ትከፍላላችሁ። ሁለቱ ርካሽ ወንበሮች እዚያው ይቀራሉ፤ ከእናንተ ኋላ የመጣው ሰው ይወስዳቸዋል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ያንኑ በረራ በ«1 ተጓዥ» ፈልጉት፣ ቀጥሎ በ2፣ ቀጥሎ በ3። ዋጋው የሚዘልበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። 3 ላይ ከዘለለ ሁለቱን በርካሹ፣ ሁለቱን በሚቀጥለው ዋጋ ለየብቻ ግዙ። በእያንዳንዱ ማስያዣ ላይ አንድ ወላጅ ይኑር፤ ልጆቹን ለብቻቸው አትያዙ። የበረራ ሰዓት ከተቀየረም ሁለቱም ማስያዣ ላይ መቀየሩን ተመልከቱ፤ ሲስተሙ አንድ ቤተሰብ መሆናችሁን አያውቅም።

«ትናንት ያየሁት ዋጋ ዛሬ ጠፋ»

ስልካችሁ እየሰለላችሁ አይደለም። ርካሹ ወንበር ተሸጧል፣ ወይም ሌላ ሰው ይዞታል። የተያዘ ትኬት የመክፈያ ቀነ ገደብ አለው፤ ሰዓቱ ካለፈ ራሱ ይሰረዛል። ስለዚህ አንዳንዴ የጠፋው ዋጋ በማግስቱ ተመልሶ ብቅ ይላል። እናንተም ከያዛችሁ በኋላ «ማታ በቴሌብር እከፍላለሁ» ብላችሁ አትዘናጉ። ኔትወርኩ ማታ ላይ ሊጫወትባችሁ ይችላል።

«ከውጭ ስመጣ የአገር ውስጡ ትኬት ጉድ ሠራኝ»

ዲያስፖራው በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ድረስ ገዝቶ፣ የባሕር ዳሩን «እዚያ ስደርስ» ብሎ ይተወዋል። ሲደርስ ለብቻው የሚገዛው ትኬት ይወደድበታል። ሻንጣውም ችግር ነው፤ ለውጭው በረራ የተፈቀደለት ኪሎ ለብቻው በተገዛው የአገር ውስጥ ትኬት ላይ አይሠራም፣ ትርፉን ይከፍላል። ለአክስት የመጣው ጫማና ሽቶ ከራሱ ዋጋ በላይ የሚያስወጣው ያኔ ነው።

መፍትሔው ከመነሻው እስከ ባሕር ዳር በአንድ ትኬት መግዛት ነው። ስትፈልጉ መድረሻው ላይ አዲስ አበባን ሳይሆን ባሕር ዳርን ምረጡ፤ የአውሮፕላን ማረፊያው ኮድ ቢጄአር (BJR) ነው። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ፣ የሻንጣውም ፈቃድ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። የውጭውን ቀድማችሁ ከገዛችሁ ደግሞ ወደ ትኬት ቢሮ ስትሄዱ ያንን ትኬት ይዛችሁ ሂዱ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በራሱ በረራ ከውጭ ለሚገቡ መንገደኞች በአገር ውስጥ መስመር ላይ ቅናሽ ሲያደርግ ቆይቷል፤ ካልጠየቃችሁ የሚያስታውሳችሁ ላይኖር ይችላል።

«አውሮፕላኑ ጥሎኝ ሄደ»

ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የፈረንጅ ነው። 07:10 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10 ነው እንጂ ከምሳ በኋላ 7 ሰዓት አይደለም። ትኬቱን ለእናት ወይም ለአያት የምትልኩ ከሆነ በስልክ ስትነግሯቸው በእኛው አቆጣጠር ንገሯቸው። «እማዬ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው የሚነሣው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቤት አጠገብ ታክሲ ይጠብቅሻል» በሉ፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር አትድገሙላቸው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ጥምቀት በአብዛኛው ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን አንድ ቀን ይገፋል፤ በ2016 ዓ.ም. ጃንዋሪ 20 ነበር፣ በ2020 ዓ.ም.ም እንደዚያው ይሆናል። ያለፈውን ዓመት የፈረንጅ ቀን ይዞ ለከተራ እደርሳለሁ ያለ ሰው አንድ ቀን የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው።

ስምም ላይ ተጠንቀቁ። ኃይለማርያም መታወቂያው ላይ ተያይዞ ከተጻፈ ትኬቱም ላይ ተያይዞ ይጻፍ፤ ፊደል በፊደል ገልብጡ።

«ጢስ ዓባይ ሄድን፣ ውኃ የለም»

ይሄን ቅሬታ የምሰማው በብዛት ከሚያዝያና ከግንቦት እንግዶች ነው። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ አቧራ ጠጥተው፣ ዳገቱን በፀሐይ ወጥተው ይደርሳሉ። ከፊታቸው 45 ሜትር ገደማ የሚሆን ጥቁር ገደል ቆሟል፤ በአንድ ጥጉ እንደ ክር የቀጠነ ውኃ ይወርዳል። ፎቶው ላይ ያዩት ጢስ የለም። አስጎብኚው ላይ የሚቆጣም አይጠፋም።

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ወሩ ነው። ዓባይ የሚሞላው በክረምት ዝናብ ነው፤ ነሐሴና መስከረም ላይ ፏፏቴው ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍነዋል፣ ስፋቱም እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ከጥር በኋላ እየቀጠነ ይሄዳል። ሁለተኛው መብራት ነው። ከፏፏቴው በላይ ውኃውን እየጠለፉ ወደ ማመንጫ የሚወስዱ ቦዮች አሉ፤ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም. ነው ሥራ የጀመሩት። ግንቦት 2002 ዓ.ም. ላይ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመረቀ። እሱ ውኃውን የሚወስደው በቀጥታ ከሐይቁ ነው፣ ወደ በለስ ወንዝ በኩል። ከጣና ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውኃ ባሕር ዳር አፍንጫ ሥር ያለው የጨረጨራ ግድብ ይቆጣጠረዋል። እንግዲህ በበጋ የሚወርደው ሲቀንስ ተፈጥሮ ብቻዋን አይደለችም ጥፋተኛዋ።

መፍትሔው ከመስቀል በኋላ መምጣት ነው። ምረጥ ብትሉኝ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለውን እመርጣለሁ። ዝናቡ ወጥቷል፣ ውኃው ገና አልወረደም፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ መንገዱ አልቦነነም። የገና እና የጥምቀት ግርግር ገና ስላልጀመረም ርካሽ ትኬት ለመልቀም ይመቻል። በግንቦት መምጣት ግዴታ የሆነባችሁ ደግሞ ጢስ ዓባይን ዝለሉትና ያንን ቀን ለሐይቁ ስጡት። አልቀልድም።

«ጀልባው አናወጠን» እና «ሴቶቹ ወደብ ላይ ቀሩ»

ጣና ጠዋት ጠዋት ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበል ይመጣል። ገዳማት ወዳሉበት ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር የሚወስደው የአንድ ሰዓት መንገድ ያኔ ልብስ የሚያርስ፣ ሆድ የሚያገላብጥ ይሆናል። ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ተነሡ። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን አይታችሁ፣ በቡናው ጥላ ተመልሳችሁ፣ ለምሳ ከተማ ግቡ። ዓሣ ጥብሱ ይጠብቃችኋል።

ባለጀልባውን ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት የት የት እንደምትቆሙ ተነጋገሩ። የደሴት ገዳማቱ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ይሄን ሳይነግሯቸው ወስደዋቸው ሴቶቹ ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ አይቻለሁ። የዘጌ ገዳማት ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ ደቅ ደሴት ያለው ናርጋ ሥላሴም እንዲሁ፤ እሱ ግን ሩቅ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ያዙለት።

«ዝናብ አላስወጣን አለ»

ሐምሌና ነሐሴ ነው። ዝናቡ በብዛት ከሰዓት በኋላና ማታ ስለሚመጣ ጠዋቱን ተጠቀሙበት። ለቆጣቢ ሰው መጥፎ ወቅት አይደለም፤ አልጋ ላይ መደራደር ይቻላል፣ ፏፏቴውም ይሞላል። የዩኒቨርሲቲው የምረቃ ሰሞን ብቻ ይቅርባችሁ፤ የተማሪ ወላጅ ከተማውን ስለሚሞላው አልጋ ይጠፋል። ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለያይ ከመያዛችሁ በፊት እዚህ ያለ ሰው ጠይቁ።

«በረራው ተሰረዘ፣ መንገዱም አይታመንም»

ከአዲስ አበባ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣትም አለበት፤ በደህና ጊዜ እንኳ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። አሁን አሁን ደግሞ የክልሉ ጸጥታ ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ላይ በረራውም ራሱ ለቀናት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ አውቶቡስን «ርካሽ አማራጭ» ብላችሁ ከማስላታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት መንገዱን የሄደ ሰው አነጋግሩ። ትኬት ስትገዙ የመቀየሪያ ቅጣቱን አንብቡ፤ በጣም ርካሹ ትኬት ቀን ሲቀየርበት የሚያስከፍለው ቅጣት ቁጠባውን ሊበላው ይችላል። ስልክ ቁጥራችሁን በትክክል አስመዝግቡ፤ ትኬቱን ሌላ ሰው ከገዛላችሁ የለውጡ መልእክት የሚደርሰው ለእሱ ነው። ወደ ውጭ የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ ከባሕር ዳር የምትነሡበትን በረራ ከዓለም አቀፉ በረራ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ያዙት፤ በተለይ ሁለቱን ለየብቻ ከገዛችሁ።